ጥንድ የሌለው ልጅ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት የሚመስለው ሰው ካለ መብቱ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር። ሁለተኛ ስሰማው ግን አልሳቅኩም... ሁለተኛ የነገረችኝ እናትየዋ ራሷ ናት።

ሰዓቱን አስቀድሜ ልናገር። ሌሊት አይደለም። ጨለማ የለም፣ ጅብ የለም፣ ሻማ የሚያጠፋ ነፋስም የለም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ጥላ እግሩ ሥር የሚገባበት ሰዓት።

ቦታው ጎዶማ ነው። ከሞያሌ፣ ከኬንያው ሞያሌ ማለቴ ነው፣ ወጣ ብሎ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2015።

ጎዶማን የሚያውቅ ሰው ያንን ረጅም የድንጋይ ቤት ያውቀዋል። "ሻምባ" ይሉታል። እርሻ ማለት ነው፤ እርሻው ግን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ድሮ ክፉ ድርቅ የሰዉን ከብት በጨረሰበት ጊዜ አንድ የእርዳታ ድርጅት መጣና ከብት ያለቀባቸውን ቤተሰቦች እዚያ ሰበሰባቸው። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፕ ተተከለ፣ ትራክተር መጣ። መሬቱ የጋራ፣ በቆሎው የጋራ፣ ማድቤቱም የጋራ ሆነ። ግመል ሲከተል ያደገ ሁሉ ዶማ ጨበጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓምፑ ተበላሸ ተባለ፣ ድርጅቱ ሄደ፣ ሰዉም ተበተነ። ቤቱ ብቻ ቀረ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ።

ሞያሌ ውስጥ ደጅ የተረሳ ባልዲ አያድርም። የእኔ ሁለት ሄዷል። የዚያ ቤት ጣሪያ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም አንድ ቆርቆሮ አልተነቀለበትም። በሩ እንኳ ከነማጠፊያው አለ።

እንግዲህ ሮዛ የገባችው ሌባ የሚፈራው ቤት ውስጥ ነው።

ሮዛ የወልደ ሥላሴ ልጅ ናት። አባቷ መንግሥት ሲወድቅ ከነወታደር ልብሱ ድንበር ተሻግሮ እዚሁ የቀረ፣ ጫማ እየሰፋ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። እሷም ሞያሌ አድጋ የጎልቦውን ግመል አርቢ ጃርሶን አገባች። የግመል ወተት ትሸጣለች። ወተቷ ውሃ አያውቀውም፤ ደንበኛዋ ስለሆንኩ እመሰክራለሁ።

አንድ ጠባይ ብቻ አላት። ወተት ሲያልቅባት "የለም" አትልም። ዝም ብላ ጀሪካኑን ገልብጣ ታሳይሃለች። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ሁለት ልጆች ወለደች። ትልቁ ሊበን፣ ትንሿ ጃለቱ።

በኛ ሰፈር ሴት ስትወልድ ስሟ ይቀየራል። ሮዛ የሚላት ጠፋ፤ "ማማ ሊበን" ሆነች። ገበያው እንደዚያ ጠራት፣ ጎረቤቱ እንደዚያ ጠራት፣ ባሏም ሳይቀር።

ከዚያ ከተማው የሸሸበት ጊዜ መጣ። ማን ማንን እንደነካ አላወራም፣ ያለፈው ይለፍ። ሮዛ ልጆቿን ይዛ ድንበር ማዶ ጫካ ገባች። ሊበን ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። እዚያ ትኩሳት ያዘው።

ወተት ጠየቃት።

የወተት ነጋዴ ልጅ ሌላ ምን ይጠይቃል? ግመሎቹ ከጃርሶ ጋር ሌላ አቅጣጫ ሄደዋል። "የለም የኔ ልጅ" አለችው። "ዛሬ የለም።" ሲመሽ ጠየቃት። ሲነጋም ጠየቃት። "የለም።"

ከዚያ መጠየቁን ተወ።

መንገድ ዳር ቀበሩት። ከነሳንዳሉ። ሰላም ሲሆን ሮዛ ተመልሳ ሄደች፤ ግን ዝናብ ዘንቦ ነበርና ጉብታው የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት። ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው፣ ቁጥቋጦ ሁሉ አንድ ነው። አንዱን መርጣ አለቀሰችበት።

ሞያሌ ስትመለስ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ ይመስል "ማማ ጃለቱ" ይላት ጀመር። ለእሷው ብለው ነው፣ በጠሯት ቁጥር ቁስሏን እንዳይነኩባት። እሷ ግን ስትነግረኝ "ልጄን ሁለተኛ የቀበሩት ያኔ ነው" አለችኝ።

ሻምባ ቤት የገባችው ለወተቱ ነው። ወተቱ በጠዋት ከጎልቦ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ይመጣል፤ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መኪና ግን ከሰዓት በኋላ ነው የሚያልፈው። በመሃል ያለው ሙቀት ወተቱን ያበላሽባታል። የድንጋዩ ቤት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ቺፉን፣ የአካባቢውን ሹም፣ ብትጠይቀው ባዶ ቤት ነው ግቢበት አላት። እንዲህ ብላ ቀን ቀን ከጃለቱ ጋር እዚያ መዋል ጀመረች። ጃለቱ አራት ዓመቷ ነበር።

በግቢው ጥግ፣ የዛገው ትራክተር አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ሀልካኖ ይባላል። የጋራ እርሻው ምግብ አብሳይ ነበር። ሁሉም ሲሄድ እሱ አልሄደም። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው ከሩቅ ሲያይ ቁመቱን እንጂ መልኩን አይለይም።

በመጀመሪያው ቀን በርሜል ላይ እንደተቀመጠ "ማማ ናኒ?" አላት። የማን እናት ነሽ ማለቱ ነው።

አፏ ቀደማት።

"ማማ ሊበን።"

"ካሪቡ፣ ማማ ሊበን" አላት ሽማግሌው፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሲላት።

ስሙን ከሰማች ዓመት አልፏታል። ልታርመው አሰበች... አላረመችውም። ሽማግሌ ነው፣ ምን ይጎዳዋል? ቀኑን ሙሉ "ማማ ሊበን ውሃ አለሽ?" "ማማ ሊበን ሙቀቱ እንዴት ነው?" ሲላት ደስ ይላታል። ማንንም የማይጎዳ ውሸት አድርጋ ቆጠረችው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ግን ከዚህ ነው።

ቤቱ ውስጡ ይቀዘቅዛል አልኩ። ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ እስከ ውስጠኛው ምድጃ ድረስ ግን አንድ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል። ሰው ተራ ሲጠብቅ በትከሻው እየተደገፈ ያጠቆረው ዓይነት።

መስመሩ ከሮዛ ጉልበት በላይ ነው... ከፍ ቢል ወገቧ።

የጃለቱ ትከሻ ግን ልክክ ይልበታል።

ደጅ ያለው ግራር ላይ ደግሞ የማረሻ ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ክብ ነው፣ ትራክተሩ ይጎትተው የነበረ። ሀልካኖ ድሮ እሱን መትቶ ነበር ልጆቹን ለኡጂ የሚጠራው፤ ኡጂ ያው ቀጭኑ የበቆሎ አጥሚት ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወፉ ሁሉ ዝም አለ። አባቷ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ልጅ ደጅ አይተውም ይል ነበር። ያ ትዝ አላት።

ብረቱ ጮኸ።

አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ። በማንኪያ እንደተነካ።

ወጥታ አየች። ነፋስ የለም፣ ሰው የለም። ብረቱ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ አይወዛወዝም።

ስትመለስ ጃለቱ ከተኛችበት ተነስታ ቁጭ ብላለች። "እማ... ኑ አሉን" አለቻት።

"እነማን?"

"ልጆቹ።"

የልጅ ነገር ብላ ተወችው።

ሮዛ በየጠዋቱ ቤቱን ትጠርጋለች። አፈሩ ደቃቅ ነው፣ የዶሮ እግር እንኳ ያትማል። ያን ቀን ከሰዓት ስታየው ከበሩ እስከ ምድጃው ድረስ የልጆች ኮቴ ሞልቶበታል። ባዶ እግር ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጎን ለጎን፣ የጥቁሩን መስመር ተከትለው ገብተዋል።

የወጣ ኮቴ ግን የለም።

የመንደር ልጆች ወተቴን ሊሰርቁ ነው አለች። ጀሪካኑን ብታነሳው ቀሏል። ክዳኑ ግን እሷ ራሷ እንዳጠበቀችው ነው። ደግሞም... በሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። በእሷ በኩል ማንም አላለፈም።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሰው የሚበላበትን ቤት ቶሎ አይጠረጥርም።

በሌላው ቀን ከደጃፉ ውጭ፣ ከመድረኩ አጠገብ፣ አንድ ብቻውን የቆመ ኮቴ አየች።

ባዶ እግር አይደለም። የላስቲክ ሳንዳል ነው። የግራው ተረከዝ ላይ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ሽቦ አፈሩን ወግቶታል።

የሊበን የግራ ሳንዳል ማሰሪያው ተበጥሶ አያቱ ወልደ ሥላሴ በሽቦ ሰፍቶለት ነበር። የአያቱ አሰፋፍ ይታወቃል፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ ሳይጠመዝዝ አይተወውም።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጣላችሁ። እኔም ሳንዳሌን ጥዬ እሮጣለሁ።

ሮዛ ተንበረከከች። ነፋስ እንዳያጠፋባት ኮቴውን በመዳፏ ከልላ መኪናው እስኪመጣ ተቀመጠች። የልጇን መቃብር አጥታ ኮቴውን ያገኘች ሴት ናት፤ በምን አፋችሁ ትፈርዱባታላችሁ?

በማግስቱ ከቤት የሊበንን ኩባያ ይዛ መጣች። ሰማያዊ፣ አፉ ትንሽ የተላጠ። ወተት ሞልታ ምድጃው ጋ አስቀመጠችለት። ቀትር ሆነ። ብረቱ ጮኸ። ከዚያ ወለሉ ላይ የብዙ ባዶ እግር ሹክሹክታ... ከእግሩ በላይ ደግሞ የልጅ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ...

"ዋዊሊ... ዋዊሊ..."

ሁለት ሁለት ማለት ነው በስዋሂሊ። ለምን ሁለት ሁለት እንደሚሉ አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ነው፤ ጀሪካኑ ቀሏል፣ ሰማያዊው ኩባያ ግን እንደሞላ ነው። የሳንዳሉ ኮቴም ከደጃፉ ውጭ እንደቆመ ነው።

ኩባያውን ወደ በሩ አስጠጋችለት። አልነካውም። መድረኩ ላይ አደረገችለት። አልነካውም። ወተቱ ስልባቦት ሠርቶ ይውላል።

ዝንብ አያርፍበትም ነበር። ሌላው ጀሪካን ላይ ዝንብ እንደ ጤፍ ተበትኖ፣ በሰማያዊው ኩባያ ዙሪያ አንድም የለም። ወተት ሸጬ ኖሬያለሁ፣ ዝንብ የሚሸሸው ወተት አይቼ አላውቅም አለችኝ።

እሷ ግን ያሳሰባት ዝንቡ አይደለም። ልጇ ደጅ ቆሟል፣ ጠምቶታል፣ ወተቱም አለ... አይገባም። አመሻሽ ላይ ኩባያውን በደፋች ቁጥር እንደገና "የለም" ያለችው ይመስላታል። ልብ ካዘነ እንባ አይገድም፤ በየቀኑ መኪናው ውስጥ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ነው የምትመለሰው።

በዚህ መሃል ጃለቱን አላየቻትም። አጠገቧ ነበረች፣ ግን አላየቻትም።

ጃለቱ ግቢው ውስጥ ስትሄድ ግራ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ጣቶቿን አጥፋ ነበር የምትሄደው። ታላቋን እንደያዘች ልጅ። ሮዛ አይታ እየተጫወተች ነው ብላለች። አንድ ቀን ጃለቱ "ነገ ተራችን ነው" ብላታለች። የምን ተራ ብላ አልጠየቀቻትም።

በነገታው ቀትር ሳይሆን ሮዛ ሽማግሌው ጋ ሄደች። ጃለቱ ግራሩ ሥር ድንጋይ ስትደረድር ትታት ነው የሄደችው። ወተት ሰጠችውና፣ ለወሬ ያህል አስመስላ፣ ድሮ ልጆቹን እንዴት ነበር የምታበላቸው አለችው።

ሀልካኖ ወሬው ደስ አለው። ልጆቹ ብዙ እንደነበሩ፣ ጉልበት ያለው ደካማውን እየገፋ ትንንሾቹ ሳይቀምሱ ይውሉ እንደነበር ነገራት። በኋላ እሱ ራሱ አንድ ደንብ አወጣ።

"ዋዊሊ ዋዊሊ" አለ እየሳቀ። "ትልቁ የትንሹን እጅ ይይዛል። እጅ ለእጅ ያልተያያዘ ኡጂ አያገኝም። ከዚያ ወዲህ ጦሙን የዋለ ልጅ የለም።"

"ብቻውን የመጣስ?"

"ደጃፍ ላይ ይቆማል። ጥንድ እስኪያገኝ።"

ለሮዛ በራላት። ይኸው ነው። ደንቡ ነው የያዘው። ልጄ ጥንድ የለውም... እኔ እይዘዋለሁ፣ እኔ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ ስትል ሽማግሌው ወሬውን ቀጠለ።

"ያንቺዎቹማ ደንቡን ለምደውታል። ሊበን ትንሿን እጇን ይዞ ከግራሩ እስከ በሩ ሲያመላልሳት አያለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው ማማ ሊበን። ታላቅ እንዲህ ነው።"



"ምዜ" አለች ሮዛ፣ አባባ ማለቷ ነው። "ሊበን ሞቷል።"

"ምን?"

"ሊበን የለም። ከሞተ ዓመት አልፎታል።"

የሽማግሌው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። የደከሙ ዓይኖቹን ወደ ቤቱ አዞረ። ድምፁ ወረደ።

"ለምን አልነገርሽኝም ልጄ... ማማ ሊበን ስትዪኝ ያለ መስሎኝ እኮ ነው። በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ረዘም ያለ። ያንቺ ናቸው ብዬ... ባውቅ በዚያው ቀን አባርርሽ ነበር።"

ከዚያ እየቸኮለ ነገራት። አንድ ዓመት ሳል ገባና ልጆች ገደለ። የእሱንም ሁለት። እናቶቹ ሐዘኑን አልቻሉም። ብረቱን እንደ ወትሮው ምታ፣ ኩባያቸውንም አውጣ አሉት። መታ። ልጆቹም... መጡ። እናቶቹ መጀመሪያ በደስታ አለቀሱ።

"ግን ደንቡን አልረሱም" አለ። "ጥንዱ አብሮት የሞተ ዝም ብሎ ገባ። ጥንዱ በሕይወት የቀረ... ጥንዱን ይዞ ገባ። ከሳሉ ይልቅ ብዙ ልጅ የጨረስነው ከዚያ በኋላ ነው። ፓምፑ አልተበላሸም። እኛ ነን የሰበርነው፣ ሰው እዚህ እንዳይኖር።"

ሮዛ ጥላዋን ፈለገች። እግሯ ሥር ገብቷል።

"ልጅሽ የት ናት?" አላት።

ብረቱ ጮኸ።

ግራሩ ሥር የተደረደሩት ድንጋዮች ብቻ አሉ። ሁለት ሁለት ሆነው።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ጃለቱ በሩ ላይ ናት። አንድ እግሯ መድረኩ ላይ፣ አንዱ ደጅ። ግራ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቶቿ የሌላ ሰው እጅ ላይ እንደሚታጠፉ ታጥፈዋል። መካከላቸው ግን ባዶ ነው። ውስጥ ከደጁ ብርሃን የተነሳ ምንም አይታይም፤ ብዙ ትንንሽ እግሮች ግን ቦታ ሲለቅቁ ይሰማል።

ሮዛ የልጇን ቀኝ እጅ ያዘች።

"እማ ተይኝ" አለች ጃለቱ። በሹክሹክታ። "ሊበን ወተት ሊጠጣ ነው። ጥንዱ እኔ ነኝ።"

ሳበቻት። አልመጣችም። በወዲያኛው በኩል የያዛት ክብደት አለ።

ክብደቱን አወቀችው።

ይህን ስትነግረኝ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስድስት ዓመት የተሸከመችው፣ በመጨረሻም ጫካ ውስጥ አቅፋው የቀለለባት ክብደት ነው። በጃለቱ ክንድ በኩል አልፎ እጇ ላይ ደረሰ። ሁለቱንም ስቤ ላውጣ አለች በልቧ። ሁለቱንም ይዤ ቤቴ ልግባ። የትኛዋ እናት ናት ይህን የማትመኝ?

ጃለቱ ግን ሁለተኛ እግሯን ከደጁ አነሳች።

ሀልካኖ ከኋላዋ ደርሶ ነበር። አልነካትም። "እኔ ብናገር አይሰማም" አላት። "እናቱ ነሽ። አንቺ በይው።"

"ሊበን" አለች ሮዛ።

ውስጥ እግሮቹ ሁሉ ቆሙ።

"ልቀቃት የኔ ልጅ።"

ጃለቱ አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ላይ አዘንብላ አዳመጠች። "ወተቱስ ይላል" አለች።

ወተቱ ምድጃው ጋ ነበር። ሦስት ጀሪካን፣ የዚያን ቀን ጠዋት የታለበ። ሰማያዊው ኩባያም መድረኩ ላይ ሞልቶ ተቀምጧል፣ ከእግሯ ሥር። አለ ብትለው ይገባል። ከገባ ብቻውን አይገባም።

"የለም" አለችው።

"ዛሬ የለም የኔ ልጅ።"

ጃለቱ እንደገና አዳመጠች።

"ነገስ ይላል።"

ሮዛ ከንፈሯን ነከሰች። ደም ወጣው።

"ነገም የለም።"

ከዚያ ክብደቱ ለቀቀ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት፣ ደህና አድርገው እንዳሳደጉት ልጅ ታዞ ለቀቀ። ጃለቱ እናቷ ላይ ወደቀች። ሮዛ ዞር ብላ አላየችም። ብታይ እንደምትገባ ታውቃለች። ልጇን ታቅፋ፣ ወተቱንም ኩባያውንም ጥላ፣ በዚያ ፀሐይ እየሮጠች ዋናው መንገድ ላይ ወጣች።

ሀልካኖ ከኋላዋ "ሂጂ፣ እኔ እዚህ አለሁ" ሲል ብቻ ሰማችው።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ያመጣላት ባለመኪናው ነው። ጀሪካኖቹ ሦስቱም ባዶ ነበሩ፣ ክዳናቸው ጥብቅ እንዳለ። ሰማያዊው ኩባያ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለመኪናው ደፍቶት ነው ያመጣው።

ሮዛ ከዚያ ወዲህ ጎዶማ አልሄደችም። ሀልካኖ ዘንድሮ ሞቷል አሉ። ቤቱ ባዶውን ቆሟል፣ ቆርቆሮውም ዛሬም አንድ አልጎደለበትም። አንዴ የእህል መጋዘን ሊያደርጉት ነው ይባላል፣ አንዴ የልጆች መዋያ። እስካሁን ማንም ደፍሮ አልገባም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ ግን እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ።

ባለፈው ወር፣ 2019 መሆኑ ነው፣ ቀትር ላይ ወተት ልገዛ ሮዛ ደጅ ተቀምጬ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ጃለቱ ስምንት ዓመቷ ነው አሁን፣ ረዝማለች፣ ዩኒፎርሟ አጥሯታል። ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለች።

አስፋልቱን ስትሻገር ግራ እጇ ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ጣቶቿም ታጥፈዋል። መሃል መንገድ ላይ ቆም አለች። ከኋላ የቀረ ትንሽ ልጅ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ተሻገረች።

በልጅነቷ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ነበር የምትዘረጋው፣ ታላቋን ለመያዝ።

አሁን እጇ ወደ ታች ነው። እሷ አድጋለች። የሊበን ስድስት ዓመት ግን ስድስት ዓመት ነው።

የሮዛ በር ጠባብ ነው። ጃለቱ ሁለት ሆኖ እንደሚገባ ሰው ሰውነቷን ወደ ጎን አድርጋ አለፈች። ሮዛን አየኋት። እሷም አየችኝ።

ተነስታ ከመደርደሪያው ሰማያዊውን ኩባያ አወረደች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ወተት ቀዳች።